ጄኔራሎቹን የተሸከሙ ሰዎች፦ የምሥራቅ አፍሪካው ዘመቻ ከ1914 እስከ 1918

አውሮፓ ውስጥ ጦርነቱ ካበቃ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ቀኑ ኖቬምበር 25፣ 1918 ነው (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። በዛሬዋ ዛምቢያ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ያኔ አበርኮርን በምትባለው ከተማ፣ አንድ የጀርመን ጦር ተሰልፎ ገባና መሣሪያውን ለእንግሊዞች አስረከበ። 155 ጀርመኖችና 1,168 አፍሪካውያን ወታደሮች ነበሩ። ከኋላቸው ተሸካሚዎች፣ ሴቶችና ልጆች ተከትለዋል። አዛዡ ፓውል ፎን ሌቶ-ፎርቤክ ከአራት ዓመት በላይ ከእንግሊዝ፣ ከቤልጅየምና ከፖርቱጋል ጦር ጋር ሲተናነቅ ከርሟል። እሱ ራሱ የሚመራው ጦር ተከቦ እጅ ሰጥቶ አያውቅም። አሁንም ያስረከበው በርሊን ስለፈረመች ብቻ ነው።

በማርች 1919 በፈረስ ተቀምጦ በብራንደንቡርግ በር ሥር ሲያልፍ በርሊን በሆታ ተቀበለችው። ጀርመን በዚያ ጦርነት ያልተሸነፈ ጄኔራል ስትፈልግ ያገኘችው እሱን ነው። እንግሊዞቹም ቢሆኑ አድናቂዎቹ ሆነው ቀሩ። ዋናው ባላንጣው የነበረው ያን ስማትስ በኋላ ወዳጁ ሆኗል።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ጦርነትን ከጄኔራሉ ኮርቻ ላይ ሆኖ ማየትና ከተሸካሚው ጭነት ሥር ሆኖ ማየት ይለያያል። የዚህ ዘመቻ ውጤት የተወሰነው በስንቅ ነው ብዬ ስለማምን፣ ጉዳዩን የማየው በስንቁ በኩል ነው።

ማን ከማን

የጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ የሚባለው የዛሬዋን ታንዛኒያ (ከዛንዚባር በቀር)፣ ሩዋንዳንና ቡሩንዲን ያጠቃልል ነበር። ስፋቱ ከራሷ ከጀርመን ይበልጣል። በሰሜን እንግሊዝ ኬንያንና ኡጋንዳን ይዛለች። በምዕራብ ቤልጅየም ኮንጎ ውስጥ ተቀምጣለች። በደቡብ ፖርቱጋል ሞዛምቢክ አለች። ጦርነቱ ሲጀመር ጀርመኖቹ እዚያ የነበራቸው 260 ያህል ነጭና 2,500 ያህል አስካሪ፣ ማለትም አፍሪካዊ ወታደር፣ ነው። አስካሪ ለእኛ አዲስ ስም አይደለም፤ ከጣሊያን ጋር ዐድዋ ድረስ የመጡትም አስካሪዎች ነበሩ።

አገረ ገዢው ሃይንሪሽ ሽኔ ጦርነት አልፈለገም። በ1885 በርሊን ላይ የተፈረመው ስምምነት የአካባቢው ቅኝ ግዛቶች በአውሮፓ ጠብ ገለልተኛ ሆነው እንዲቀሩ በር ይከፍት ነበር። ሽኔ ይህን ያዘ። የሚያስፈራውም ነገር ነበር። ከጥቂት ዓመት በፊት፣ ከ1905 እስከ 1907፣ የማጂ ማጂ አመፅ ተነስቶ ነበር። ጀርመኖቹ አመፁን ያጠፉት ማሳና ጎተራ እያቃጠሉ ነው፤ ከጥይት ይልቅ ረሃብ ነበር የጨረሰው። የሟቹን ቁጥር እስከ 300 ሺህ የሚያደርሱት አሉ። ያ ሕዝብ ሌላ ጦርነት ይሸከማል ብሎ ማሰብ እብደት ነው።

ሌቶ-ፎርቤክ ዳሬሰላም የደረሰው በጃንዋሪ 1914 ነው። ቻይና ዘምቷል። በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ናሚቢያ፣ ሄሬሮዎች በተፈጁበት ዘመቻ አገልግሏል፤ እዚያው ዓይኑ ላይ ቆስሏል። የእሱ ሐሳብ ሌላ ነው። ይህ ቅኝ ግዛት ጦርነቱን አያሸንፍም፤ ነገር ግን እንግሊዝን እዚህ ካስጨነቅናት ለፈረንሳይ ግንባር የምትልከውን ወታደር ወደዚህ ትልካለች አለ። አገረ ገዢውን አልሰማም። በወረቀት አለቃው ሽኔ ነው፤ በተግባር ግን ጦሩን ያዘዘው እሱ ነው። ሁለቱ እስከ መጨረሻው ሳይዋደዱ አብረው ተጓዙ። ለሽኔ ሐውልት ያቆመለት የለም። እኔ ግን የአገሩን አቅም በትክክል የለካው እሱ ይመስለኛል።

ታንጋ

የእንግሊዝ ዕቅድ ወረቀት ላይ ያምራል። ከሕንድ የሚመጣ ጦር ታንጋ ወደብ ላይ ይወርዳል። ከታንጋ እስከ ሞሺ የሚዘልቀውን የባቡር ሐዲድ ይይዛል። ሌላ ጦር ከኬንያ በኪሊማንጃሮ በኩል ይገፋል። ጀርመኖቹ መሐል ላይ ያልቃሉ። ሜጀር ጄኔራል አርተር ኤይትከን 8 ሺህ ያህል ሰው ይዞ በኦክቶበር 1914 አጋማሽ ከቦምቤይ ተነሳ።

ምስጢሩ ገና ሳይነሱ ወጣ። ወደቡ ላይ በተቆለሉት ሣጥኖች ላይ የጦሩ ስምና "ሞምባሳ" የሚል አድራሻ በጉልህ ተጽፏል። ጋዜጦችም አወሩት። ወታደሮቹ ለሳምንታት መርከብ ሆድ ውስጥ ታጭቀው፣ ባሕሩ እያስታወካቸው ደረሱ። ከክፍለ ጦሮቹ አንዳንዶቹ በቅጡ አልሠለጠኑም። ኬንያ ውስጥ አገሩን የሚያውቁ የእንግሊዝ አፍሪካውያን ወታደሮች ነበሩ፤ ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ይባላሉ። ኤይትከን የእነሱን እርዳታ አልፈለገም። ጥቁር ወታደር ፊቱ የሚቆም አልመሰለውም።

ኖቬምበር 2 ማለዳ "ፎክስ" የምትባል የጦር መርከብ ብቻዋን ወደቡ ውስጥ ገባች። ቀደም ሲል የእንግሊዝ ባሕር ኃይልና የታንጋ ሹማምንት እንዳይነካኩ ተስማምተው ነበር። የመርከቧ አዛዥ ኮልፊልድ የስምምነቱን መፍረስ ሳልናገር ብተኩስ ነውር ነው ብሎ አሰበ። የጀርመኑን አስተዳዳሪ ጠርቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከተማዋን አስረክቡ አለው። ወደቡ ውስጥ ፈንጂ ቀብራችኋል ወይ ብሎም ጠየቀው። ጠላት ሲጠይቅህ ምን ትላለህ? ሰውዬው አዎ አለ። ከዚያ ሄዶ የጦር ልብሱን ለበሰና ለሌቶ-ፎርቤክ ቴሌግራም አስላከ። እንግሊዞቹ የሌለ ፈንጂ ሲያስሱ ቀኑ አለቀ። ያን ቀን ከተማዋን የሚጠብቃት አንድ ሻምበል ገደማ ብቻ ነበር።

የጀርመኖቹ ዋና ጦር ሞሺ አካባቢ ነው። በዚህች ጊዜ ያዳናቸው ባቡሩ ነው። ሌቶ-ፎርቤክ ያለውን ባቡር ሁሉ ሰብስቦ አስካሪዎቹን ወደ ባሕሩ አወረደ። በአገሩ መንገድ በእግር ቢሆን ብዙ ቀን የሚፈጀው ጉዞ በሰዓታት አለቀ። ኖቬምበር 3 ሌሊት እሱ ራሱ በብስክሌት ባዶዋን ከተማ ዞረ። ወደቡ ዳር ቆሞ መብራታቸውን ያላጠፉትን መርከቦች አየ። በጨለማ ጠላት ጓዙን ሲያራግፍ መስማትና ማየት ለአንድ አዛዥ ትልቅ ስጦታ ነው።

በማግስቱ ቀትር ላይ ኤይትከን መሬቱን በደንብ ሳያስቃኝ ጦሩን ወደ ቁጥቋጦውና ወደ ጎማ ዛፉ እርሻ ላከ። ሙቀቱ ያቃጥላል፣ ውኃ የለም፣ አጠገብህ ያለው ሰው አይታይህም። በቀኝ በኩል የላንክሻየር እንግሊዞችና የካሽሚር ወታደሮች እየተዋጉ ከተማዋ ውስጥ ገቡ፤ ከቤት ወደ ቤት ተፋለሙ። በግራ በኩል ግን አንዱ የሕንድ ሻለቃ መትረየስ ሲንጣጣበት ተበተነ። ሌቶ-ፎርቤክ ይህን ነበር የጠበቀው። ያቆየውን ጦር በዚያ በኩል አዙሮ ለቀቀው።

ንቦቹ የመጡትም ያኔ ነው። የአካባቢው ሰው በየዛፉ ላይ ቀፎ ይሰቅላል። ጥይት የመታቸው ቀፎዎች ውስጥ የነበሩት ንቦች በሁለቱም ወገን ላይ ዘመቱ። እንግሊዞቹ ግን ጀርመኖች ሆን ብለው ያጠመዱት ተንኮል ነው ብለው አወሩ። ሽንፈትን ለንብ ማስረከብ ለጄኔራል ብስለት ማነስ ምክንያት ከመፈለግ ይቀላል መሰለኝ። ሰዉ እግሬ አውጪኝ ብሎ ወደ ባሕሩ ሮጠ።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው ክፍል ማታ የሆነው ነው። የጀርመኖቹ መለከት በስሕተት ተተረጎመና አስካሪዎቹ ወደ ኋላ ወደ ካምፓቸው ሄዱ። ለሰዓታት ታንጋን የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ኤይትከን ይህን አላወቀም። ልቡ ቀድሞ ተሸንፏል፤ ወደ መርከቡ እንመለስ ብሎ ወስኗል። ከ800 በላይ ሰው ሞቶበት፣ ቆስሎበትና ጠፍቶበት ሄደ። የጀርመኖቹ ሟች 70 ገደማ ነው። ጥሎት የሄደው ዕቃ ደግሞ 16 መትረየስ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ጠመንጃና 600 ሺህ ጥይት ነበር። ሌቶ-ፎርቤክ ከበርሊን ሊያገኘው የማይችለውን መሣሪያ ቦምቤይ አመጣችለት። ኤይትከን ማዕረጉ ወደ ኮሎኔል ወርዶ በጡረታ ተሰናበተ።

ጥይት የሚቆጥር ጄኔራል

ታንጋ ስሙን አስጠራው። የዘመቻው አቅጣጫ የተወሰነው ግን በጃንዋሪ 1915 ያሲን በምትባል የጠረፍ መንደር ነው። እዚያም አሸነፈ። ሲያሸንፍ ግን 200 ሺህ ጥይት ተኩሶ ጨረሰ፣ ምርጥ መኮንኖቹንም ቀበረ። ቁጭ ብሎ አሰላው። እንዲህ ያለ ድል ከሦስት ጊዜ በላይ አልችልም አለ። ከዚያ ወዲህ የፊት ለፊት ግጥሚያ ትቶ ሐዲድ ማፈንዳትና ደፈጣ ያዘ። ድሉን ኪሳራ ብሎ መመዝገብ የቻለ አዛዥ ብዙ አይገኝም። እዚህ ላይ አድናቆቱ ይገባዋል።

እንግሊዝ ባሕሩን ዘጋች። ጀርመኖቹ ያላቸውን መፈተሽ ጀመሩ። "ኬኒግስበርግ" የምትባል መርከባቸው በሩፊጂ ወንዝ አፍ ተሸሽጋ ቆይታ በጁላይ 1915 ተመታች። አሥሩን መድፎቿን ከጭቃ አውጥተው ጎማ ገጠሙላቸውና የየብስ መድፍ አደረጓቸው። ኡሳምባራ ተራራ ላይ ባለው የአማኒ የምርምር ጣቢያ ከዛፍ ልጥ የወባ መድኃኒት ፈሉ። ወታደሮቹ የጠጡትን መራራ ፈሳሽ "የሌቶ አረቄ" አሉት። ጥጥ ተፈትሎ ልብስ፣ የጎማ ዛፍ ተደምቶ የመኪና ጎማ ሆነ። በኖቬምበር 1917 ከቡልጋሪያ አንድ ግዙፍ ዜፔሊን (በጋዝ የሚንሳፈፍ የአየር መርከብ) መድኃኒትና ጥይት ጭኖ ተነሳ። ከካርቱም ምዕራብ ደርሶ፣ ተመለስ የሚል መልእክት በሬዲዮ ደረሰውና ሳያርፍ 95 ሰዓት በርሮ ወደ ተነሳበት ተመለሰ።

ስማትስ ሲመጣ

በፌብሩዋሪ 1916 እንግሊዝ ዘመቻውን ለያን ስማትስ ሰጠች። ነገሩ ምጸት አለበት። ስማትስ ደቡብ አፍሪካዊ ነው፤ ከ15 ዓመት በፊት የአገሩ ነጭ ሰፋሪዎች ከእንግሊዝ ጋር በተዋጉበት በቦወር ጦርነት እንግሊዝን በደፈጣ ሲያስጨንቅ የነበረ ሰው ነው። አሁን የእንግሊዝን ጄኔራል ልብስ ለብሶ ደፈጣ ተዋጊ ሊያሳድድ መጣ። ፖለቲከኛም ነበር። ብዙ የደቡብ አፍሪካ ነጭ የሚያስገድል ውጊያ አገሩ ላይ እንደሚያስጠይቀው ያውቃል። ስለዚህ ጠላትን ፊት ለፊት ከመግጠም ይልቅ በፈረሰኛ በጎን እየዞረ መክበብ መረጠ።

ካርታ ላይ ሰመረለት። በማርች ኪሊማንጃሮን ያዘ። በኦገስት ሞሮጎሮን፣ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ዳሬሰላምን ያዘ። ቤልጅየሞቹ ከኮንጎ መጥተው ታቦራን ወሰዱ። ሌቶ-ፎርቤክ ግን በተከበበ ቁጥር ሾልኮ ወጣ። ክበቡን የሚዘጉት ፈረሶች እያለቁ ነበር።

የገደላቸው ገንዲ ነው፤ የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው የከብት በሽታ። ያ አገር ዝንቡ የሞላበት ቆላ ነው። ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ፈረስ በሳምንታት ውስጥ ይወድቃል። በቅሎውም አህያውም እንደዚያው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የጋማ ከብት አለቀ። ሰውም አልተረፈም። ወባ፣ ደም ተቅማጥ፣ የእግር ጣት የሚያስቆርጥ ሙጃሌ መጣበት። 9ኛው የደቡብ አፍሪካ እግረኛ በፌብሩዋሪ 1,135 ሰው ነበረው፤ በኦክቶበር ቆሞ የሚሄድ የቀረው 116 ነው። ያንን ያህል ሰው ያጠፋበት ውጊያ የለም። ስማትስ ጦሩ ከስንቁ ቀድሞ እንዲሮጥ አደረገ፤ ስንቁ አልደረሰም።

በጃንዋሪ 1917 ለንደን ተጠርቶ ሲሄድ ዘመቻው አልቋል፣ የቀረው መልቀም ነው አለ። መልቀሙ ወደ ሁለት ዓመት ፈጀ። በእሱ ቦታ የተተካው ሬጂናልድ ሆስኪንስ የአፍሪካውያኑን ጦር የሚያውቅ ሰው ነበር። ጦሩ ተርቦ፣ ታሞና በጎርፍ ተቆርጦ ነው የጠበቀው። ወደ ፊት አልገፋም፤ ወታደር እንዲያርፍ፣ ተሸካሚ፣ መኪናና ሐኪም እንዲጨመር ጠየቀ። ለንደን ዘገየህ ብላ በሜይ አነሳችውና ደቡብ አፍሪካዊውን ጄኔራል ቫን ዴቬንተርን ሾመች። ለእኔ የዚህ ዘመቻ አስተዋይ አዛዥ ሆስኪንስ ነው። ስሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው፤ ምንም ከተማ አልያዘማ።

የተሸካሚው ሒሳብ

የጋማ ከብቱ ሲያልቅ የቀረው ሰው ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ተሸካሚ 25 ኪሎ ገደማ ይሸከማል። በቀን አንድ ኪሎ ያህል እህል ይበላል። ከባቡሩ ጫፍ እስከ ግንባር አሥር ቀን ያስኬዳል እንበል። ሲሄድ 10 ኪሎ ይበላል፣ ሲመለስ ሌላ 10 ኪሎ። ለወታደሩ የሚያደርሰው 5 ኪሎ ነው። መንገዱ 12 ቀን ተኩል ከሆነ ደግሞ የሚያደርሰው የለም፤ የራሱን ስንቅ ተሸክሞ ደርሶ ተመለሰ ማለት ነው። ይህን የሚያይ የጦር ቢሮ ሁለት መውጫ አለው። ወይ ተሸካሚውን ማብዛት፣ ወይ የሚበላውን መቀነስ። ሁለቱም ተደረገ።

የበዛበት ልክ ያስደነግጣል። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከኒያሳላንድ (ከዛሬዋ ማላዊ)፣ ከሮዴዢያ (ከዛሬዎቹ ዛምቢያና ዚምባብዌ)፣ ከተያዘው የጀርመን ግዛት፣ ከምዕራብ አፍሪካ ሳይቀር፣ ለእንግሊዝ ወገን ብቻ ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው ተሸክሟል። አንዳንዱ ለደመወዝ መጣ። ብዙው ግን የመንደሩ ሹም ስሙን ሰጥቶት ነው የተወሰደው። በ1917 ኬንያ ውስጥ በየአውራጃው ኮታ ተመድቦ አፈሳ ሆነ። ጎልማሳ የጠፋበት መንደር ነበር።

የተቀነሰውስ? ራሽኑ በቆሎ ዱቄት ነው። ሙዝ እየበላ ላደገው የኡጋንዳ ሰው፣ ሩዝ ለለመደው የጠረፍ ሰው፣ ሸካራ የበቆሎ ዱቄት ባዕድ ነው። ማብሰያ ዕቃና ጊዜ የለም፤ ዝናብ ውስጥ እሳት አይነድም። ጥሬውን ወይም ገና ሳይበስል ይውጠዋል። ሆዱ ይቆስላል፣ ተቅማጥ ይይዘዋል፣ ይዳከማል፤ 25 ኪሎው ግን አይቀነስም። ከደጋ የመጣው በወባ ይወድቃል። ቆላ የለመደው ተራራ ላይ ያለ ብርድ ልብስ በሳንባ ምች ይሞታል። የተሸካሚዎቹ ክፍል ኃላፊ ኦስካር ዋትኪንስ ብርድ ልብስና የተለያየ ምግብ ለማግኘት ከራሱ ወገን ጋር ሲጨቃጨቅ ነው የከረመው።

በእንግሊዝ መዝገብ የሞቱት ተሸካሚዎች 95 ሺህ ያህል ናቸው። እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ይበልጣል የሚሉት ብዙ ናቸው። በዘመቻው ሁሉ የሞተው የእንግሊዝ ወገን ወታደር ወደ 10 ሺህ ነው፤ ከእሱም አብዛኛው በበሽታ። በሌላ አነጋገር፣ ለአንድ ወታደር ዘጠኝ ተሸካሚ ያህል ሞቷል። ዳሬሰላም የሄደ ሰው ካሪያኩ ገበያን ያውቃል። የተሸካሚዎቹ ካምፕ የነበረው እዚያ ነው።

ጀርመኖቹ በኩል ቁጥር የለም። ያልተጻፈውም ስለማያስፈልግ ነው፤ ደመወዝ ለማይከፈለው ሰው መዝገብ አይያዝም። ጦሩ በደረሰበት መንደር ወንዱን ይይዛል፣ ጎተራውን ያራግፋል፣ የቀረውን ለጠላት እንዳይተርፍ ያቃጥላል። የጠፋ ተሸካሚ ቢያዝ ይገረፋል፤ ታስሮ የሚነዳም ነበር። ከሌቶ-ፎርቤክ ጋር የዘመተው ሐኪም ሉድቪሽ ዴፔ ከጦርነቱ በኋላ፣ በኋላችን የምንተወው ባዶ ጎተራና ረሃብ ነበር፣ ሥልጣኔ አምጪ መሆናችን ቀርቷል ብሎ በግልጽ ጽፏል። ከራሱ ወገን የመጣ ምስክርነት ነው።

የረሃቡ ጉዳይ ደግሞ ብቻውን መጽሐፍ ይወጣዋል። ማዕከላዊው ኡጎጎ ላይ ሁለቱም ጦሮች አልፈዋል፤ ሁለቱም ከብቱን፣ እህሉንና ጎልማሳውን ወስደዋል። ዝናብ ሲቀር ሕዝቡ የሚተርፍበት ነገር አልነበረውም። በ1918 መጨረሻ የኅዳር በሽታ የምንለው ወረርሽኝ እዚያም ደረሰ። በጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ በጦርነቱ ሳቢያ ያለቀውን ሰላማዊ ሰው ወደ 300 ሺህ የሚያደርሱት ግምቶች አሉ።

ማሂዋና ወደ ደቡብ

በኦክቶበር 1917 ማሂዋ ላይ በዘመቻው ብዙ ደም ከፈሰሰባቸው ውጊያዎች አንዱ ተደረገ። ሌቶ-ፎርቤክ 1,500 ያህል ሰው ይዞ መሽጎ ጠበቀ። የእንግሊዙ ጄኔራል ቤቭስ ጦሩን ደጋግሞ ፊት ለፊት እንደሚልክ ያውቅ ነበር። እንዳሰበውም ሆነ። ናይጄሪያውያኑ ላይ ክፉ ቀን ወጣባቸው። ከ5 ሺህ የማይሞላው የእንግሊዝ ጦር ከግማሽ በላዩን፣ ወደ 2,700 ሰው፣ ሞቶና ቆስሎ አጣ። ጀርመኖቹ 500 ያህል አጡ። ሆኖም የያሲን ታሪክ ተደገመ፤ ጥይቱ አለቀ። ያሸነፈው ሸሸ።

በኖቬምበር 25፣ 1917 ሩቩማ ወንዝን ተሻግሮ ንጎማኖ ላይ የፖርቱጋልን ጦር ደመሰሰ። ጥይት፣ ጠመንጃ፣ ምግብና መድኃኒት አገኘ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ከጠላት መጋዘን እየበላ ሞዛምቢክን ዞረ። 300 ጀርመን፣ 1,700 አስካሪ፣ 3 ሺህ ተሸካሚ፣ ከነቤተሰቡ። የጥንቱን የእኛን ዘመቻ ለሚያውቅ አንባቢ ሥዕሉ እንግዳ አይደለም፤ የወታደሩ ሚስት ስንቅ ይዛ፣ ልጅ አዝላ ትከተላለች፣ መንገድ ላይ ትወልዳለች።

አስካሪዎቹ ለምን አብረውት ቆዩ? ጀርመኖቹ በኋላ "ታማኙ አስካሪ" እያሉ ብዙ ጻፉ። እውነቱ ይበልጥ ሰዋዊ ነው። ደመወዛቸው ገና በእዳ ወረቀት ላይ ነው፤ ጥሎ የሄደ አያገኘውም። ሚስቱም ልጁም ጓዙም እዚያው ሰልፉ ውስጥ ነው። ባዶ እጁን ቢመለስ የዘረፈው መንደር ይጠብቀዋል። ደግሞም ብዙዎቹ አልቆዩም፤ በጦርነቱ ወደ 3 ሺህ የሚጠጋ አስካሪ ከድቷል። የ"ታማኙ አስካሪ" ወሬ የፖለቲካ ሥራ ነበረው። ከጦርነቱ በኋላ በቬርሳይ የሰላም ውል አሸናፊዎቹ ጀርመን ቅኝ ግዛት ለማስተዳደር አትበቃም ብለው ሁሉንም ወሰዱባት። ጀርመኖቹ ያልተሸነፈውን ጄኔራልና የማይከዳውን ጥቁር ወታደር መልስ አድርገው አቀረቡ፤ ይወዱናል፣ መልሱልን ለማለት።

ዓላማው ተሳካ?

ሌቶ-ፎርቤክን በራሱ ሚዛን እንየው። ዓላማው ለፈረንሳይ ግንባር የሚሄደውን ጦር ማስቀረት ነበር። መርከብና ገንዘብ አስወጥቷል፤ እንግሊዝን ያስከፈላት ወደ 70 ሚሊዮን ፓውንድ ይደርሳል። ሰው ግን? እሱን ያሳደዱት ሕንዶች፣ ደቡብ አፍሪካውያን፣ ናይጄሪያውያን፣ ጋናውያንና ኬንያውያን ነበሩ። ከ1917 በኋላ ነጮቹ ታመው ሲመለሱ ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ከሦስት ሻለቃ ወደ 22 አደገ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ፈረንሳይ ምሽግ ውስጥ ሊሰለፉ አልታሰበም። እንግሊዝ አፍሪካውያኑን ከአውሮፓ ጦርነት ማራቅ ነበር የምትፈልገው። ስለዚህ በስልት ድንቅ፣ በዓላማው ግን ያልተሳካ አዛዥ ነው እላለሁ።

ትምህርቱን በከፊል የወሰደ ጦር አለ፤ እኛም አይተነዋል። በ1941 ከኬንያ ተነስቶ በሞቃዲሾ፣ በሐረርና በድሬዳዋ አድርጎ ኤፕሪል 6 አዲስ አበባ የገባው የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር ከደቡብ አፍሪካ፣ ከናይጄሪያ፣ ከጎልድ ኮስት (ከዛሬዋ ጋና)ና ከኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ የተውጣጣ ነበር። የደቡብ አፍሪካ ጠቅላይ ሚኒስትር ያኔ ያው ስማትስ ነው። ይህኛው ጦር ስንቁን የጫነው በካሚዮን ነው።

ሒሳብ ሲዘጋ

ግዛቱ ተከፋፈለ። ታንጋኒካ ለእንግሊዝ፣ ሩዋንዳና ቡሩንዲ ለቤልጅየም፣ በሩቩማ አፍ ያለች ትንሽ ቁራሽ መሬት ለፖርቱጋል ደረሰች። በ1920 ሌቶ-ፎርቤክ በጀርመን መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ውስጥ ገብቶ ከሠራዊቱ ተሰናበተ። በ1929 ለንደን ውስጥ የቀድሞ ጠላቶቹ የክብር እራት ጋበዙት፤ ስማትስም ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲቸግረው ስማትስ የምግብ እሽግ ላከለት። በ1964 በ93 ዓመት ዕድሜው ሐምቡርግ ላይ ሞተ።

በዚያው ዓመት የምዕራብ ጀርመን ፓርላማ በሕይወት ላሉ አስካሪዎች ቀሪ ደመወዛቸው ይከፈል አለ። ምዋንዛ ላይ 350 ያህል ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ማስረጃ የያዘው ጥቂት ነው። የባንኩ ሰው መጥረጊያ እያስያዘ በጀርመንኛ የጠመንጃ ሰልፍ አዘዛቸውና አንድም የተሳሳተ አልነበረም ይባላል። ሁሉም ተከፈላቸው።

ለተሸካሚዎቹ እንዲህ ያለ ቀን አልመጣላቸውም። ለሞቱትና ቤተሰባቸው ላልተገኘው ተሸካሚዎች የሚገባው ደመወዝ በእንግሊዝ መንግሥት እጅ ቀርቶ ነበር። ዋትኪንስ ገንዘቡ ቢያንስ ለአፍሪካውያኑ ጥቅም ይዋል እያለ ለዓመታት ተሟገተ። ለንደን እምቢ አለች።